የዋጠችውን ሁሉ አትፈጭም

ሸጊቱን በቅርብ አላውቃትም። በዳባት ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኗን፣ ማየት ከተሳናቸው አባቷ ከመሪጌታ መልከ ጼዴቅ ጋር እንደምትኖር አውቃለሁ፤ የቀረው አንድ ቀን ያየሁትና የሰማሁት ነው። ከእኔ ይልቅ የሚያውቃት ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር።

በዚያ ሳምንት ወሬዋ በከተማው ይወራ ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ ሁለት ዓመት እንድትማር ተፈቅዶላታል፤ እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለባት። እኔ ሆዴን አሞኝ የሄድኩት ረቡዕ ነው።

በእኛ አገር ሆዱን የታመመ ሁሉ «አሜባ ነው» ብሎ ይመጣል። ከፊቴ የነበሩት የጃናሞራ ገበሬ፣ አያ ያርጋል፣ እንዲሁ ብለው ነበር።

«አያ ያርጋል፣ አሜባ የለብዎትም» አለቻቸው ሸጊቱ በላቦራቶሪው መስኮት።

«ደግመሽ እይ እንጂ ልጄ። ከጃናሞራ ድረስ ይዣት መጥቼ የለችም ትይኛለሽ?»

«ሁለት ጊዜ አየሁ።»

«እንግዲያው መንገድ ላይ ወርዳ ይሆናላ።»

ወረፋ የያዝነው ሁሉ ሳቅን። እሷም እየሳቀች ወደ ሐኪሙ መራቻቸው።

እኔም ላይ አሜባ አልተገኘም። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሰው ስለሄደ ይሁን ወይም ቅር ያለኝ መስሏት እንጃ፣ «ማየት ከፈለጉ የወንዝ ውኃ ውስጥ የምትኖረውን ላሳይዎት ጋሼ፤ ይቺኛዋ ጉዳት የላትም» አለችኝ።

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ቅርጽ የሌላት፣ ጭጋግ የመሰለች ነገር ቀስ እያለች ትፈስሳለች። ከገላዋ እንደ ጣት ያለ ነገር አወጣች፤ አጠገቧ ያለችውን ነጥብ ከግራና ከቀኝ ከበበቻት። ነጥቧ ውስጥ ቀረች።

«ባክቴሪያ ነው» አለች። «አፍ ስለሌላት በገላዋ ነው የምትውጠው። ከዚያ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ትዘጋበትና አሲድ ትለቅበታለች፣ ይሟሟል። የእኛም ነጭ የደም ሴሎች እንዲሁ ያደርጋሉ።»

«ሁልጊዜ ይሳካላታል?»

«የዋጠችውን ሁሉ አትፈጭም። አሲዱን የሚያስቆም ባክቴሪያ አለ፤ ከረጢቱ ውስጥ ተመችቶት ይራባል፣ በመጨረሻ እሷን አፈንድቶ ይወጣል። እሷ ደግሞ መዳብና ዚንክ እያስገባች ልትመርዘው ትታገላለች፤ እንዲህ ሲባል አንብቤአለሁ።» ማይክሮስኮፑን በጣቷ ነካ አደረገች። «ይሄ መሣሪያ መዋጧን ያሳየኛል። ውስጥ የሚሆነውን ግን አያሳየኝም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ላይ ስደርስ እቆማለሁ።»

«አዲስ አበባ ያለውስ ያሳያል?»

«ያሳያል።»

አንዲቷን ቃል ያለችበትን ድምፅ መጻፍ አልቻልኩም። ሰው ርቆ የሄደ ልጁን ስም ሲጠራ እንዲያ ይላል።

«መሪጌታስ ምን አሉ?»

«ሂጂ ነው የሚሉኝ። ሦስት የቅኔ ተማሪዎቻቸው ከእሳቸው ጋር ሊኖሩ ተስማምተዋል። ‹ከአንቺ ወጥ የእነሱ ቅኔ ይሻለኛል› ብለው ቀለዱብኝ።»

መጠየቅ የማልወድ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አፌን አልያዝኩም።

«ታዲያ እሳቸው ከፈቀዱ አንቺን ምን ያዘሽ?»

የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋች።

«እሱን አይጠይቁኝ ጋሼ» አለች። እኔም መዋጧን አየሁ፤ ውስጧ የሚሆነውን ግን አላየሁም።