ዶዘር ነጂዋ የኦቾሎ ልጅ

ሻሺቱ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ተራራው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ወታደር ስትሆን ገና ልጅ እግር ነበረች። ሠራዊቱ መሐንዲስ ክፍል መደባት፤ እዚያም ዶዘር መንዳት ተማረች። ምሽግ ቆፈረች፤ መድፍና ስንቅ የሚያልፍበትን መንገድ ጠረገች።

ጦርነቱ አብቅቶ ብዙ ወታደር ሲሰናበት እሷም ወደ አርባ ምንጭ ተመለሰች። ሥራ ፍለጋ የሄደችበት ሁሉ «ምን ትችያለሽ?» ይሏታል፤ «ዶዘር እነዳለሁ» ስትል ይስቃሉ። በከተማው ሲቀላ ሰፈር ገበያ ሙዝ ቸረቸረች፣ ለግንበኞች ድንጋይ ተሸከመች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

በኋላ ወደ ካምባ የሚወጣውን መንገድ ለማሻሻል ጨረታ ወጣ። ጨረታው ላይ አዲስ አንቀጽ ገብቶበታል፦ ከሠራዊት የተሰናበቱ ሰዎችን የሚቀጥር ተቋራጭ በውድድሩ ብልጫ ያገኛል የሚል። ያሸነፈው አብዱልመጂድ ነበር፤ ከአባቱ የጅምላ ሱቅ ተነሥቶ ወደ ግንባታ ሥራ የገባ፣ በቃሉ የሚታመን የሲቀላ ሰው። እንዳለውም ተመላሽ ወታደሮችን ቀጠረ። ግን ሁሉንም ጥበቃ አደረጋቸው። ሻሺቱም ካፖርትና ዱላ ተሰጥቷት የማሽኖቹ ግቢ በር ላይ ቆመች። ጠዋት ጠዋት ዋናው ኦፕሬተር ሸዋንዳኝ የዶዘሩን ሞተር ሲያስነሣ፣ እጇ ሳታስበው ማርሽ እንደሚያስገባ ሰው ይንቀሳቀስ ነበር።

ሥራው ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ አንቀጹ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን እንዲያጣሩ አቶ ወልደየሱስ ጨረታውን ካወጣው መሥሪያ ቤት ተላኩ። ጎንደር ተወልደው ግማሽ ዕድሜያቸውን አርባ ምንጭ ያገለገሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ።

«አንቀጹ ሠርቷል» አለ አብዱልመጂድ። «ከተጠየቅኩት በላይ ቀጥሬያለሁ። አንድም ዕቃ ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

አቶ ወልደየሱስ ወደ ጥበቃዎቹ ዞሩ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ከሻሺቱ ጎን የተቀመጠው ኤርጫፎ ነው፤ ጦርነቱ ላይ ጉልበቱን የቆሰለ ባልደረባዋ። ቀደም ብሎ «ነገር ካነሣሽ አንቀጹን ይሰርዙትና ይቺንም እንጀራ እናጣለን» ብሏት ነበር። አሁንም የካፖርቷን ጫፍ ጎተተ። እሷ ግን ተነሣች።

«ጋሽ ወልደየሱስ፣ ሕጉ ጠቅሞናል። ኤርጫፎ በቆሰለ እግሩ ማን ይቀጥረው ነበር? ዛሬ በዚህ ሥራ ልጆቹን ያስተምራል። እባክዎ እንዳይሰረዝብን። ግን ሕጉ ‹ወታደር ተቀጠረ ወይ?› ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ‹ወታደሩ ምን ይችላል?› አይልም። እኔ ዶዘር ነጂ ነኝ። አገሬ ናት ያስተማረችኝ። አሁን የተማርኩበትን ማሽን በዱላ እጠብቃለሁ።»

ከኋላ የሳቀ ነበር። አብዱልመጂድ ግን አልሳቀም።

«እህቴ፣ አልዋሽሽም። ይህ ማሽን ገደል ቢገባ እኔም አብሬው ነው የምገባው። ይህን ያህል ዓመት ያልነካሽውን እንዴት አምኜ ልስጥሽ?»

«አይስጡኝ አቶ አብዱልመጂድ። ይፈትኑኝ።»

አቶ ወልደየሱስ ቀና ብለው ተቋራጩን አዩት። አብዱልመጂድም «ነገ ጠዋት» አለ።

በማግስቱ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ሊያይ ቆመ። ሻሺቱ ካፖርቷን አውልቃ ዶዘሩ ላይ ወጣች። የአዲሱ ዶዘር መቆጣጠሪያ ግን ድሮ ከምታውቀው የተለየ ነበር፤ የፊቱ አካፋ መሬት ውስጥ ጠለቀና ሞተሩ ጠፋ። ሳቁ አስተጋባ። እሷ ግን አልወረደችም።

«ጋሽ ሸዋንዳኝ» አለች፣ «አንዴ ያሳዩኝ።»

ሸዋንዳኝ አጠገቧ ወጥቶ አሳያት። እንደገና ሞከረች። አሁን አካፋው ኮረቱን እየገፋ ሄደ፤ ከኋላዋ የቀረው መሬት ንጣፍ ይመስል ነበር። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። አብዱልመጂድ «የሸዋንዳኝ ረዳት ትሁን» ሲል፣ መጀመሪያ ያጨበጨበው ኤርጫፎ ነው።

በቀጣዩ ክረምት ከባድ ዝናብ ከካምባ በታች ተራራውን ናደው። መንገዱ ተዘጋ፤ ወዲህና ወዲያ ማዶ መኪኖች ቆሙ፤ ገበያተኛው ከነሸክሙ ቀረ። ሸዋንዳኝ ወባ ጥሎት ከተማ ተኝቷል። አብዱልመጂድ ጭቃውን አየ፤ ገደሉን አየ፤ ከዚያ የዶዘሩን ቁልፍ አወጣና ለሻሺቱ ሰጣት።

«ተጠንቀቂ» ብቻ አላት።

እሷም ተጠነቀቀች። ከተራራው በኩል ጀምራ ጭቃውን በትንሽ በትንሹ እየቆረሰች ወደ ገደሉ ሰደደችው። አፈሩ ሲንሸራተት ወደኋላ ትላለች፤ ሲረጋ ትመለሳለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዶዘሩ አፍ በወዲያኛው ማዶ ብቅ አለ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው በጋሞኛ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። እሷም ከላይ ሆና፣ ጭቃ በጭቃ እንደሆነች፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ጠርታ «የኦቾሎ ነኝ» አለቻቸው። ያን ያህል ጮክ ብላ ማንነቷን የተናገረችበት ቀን ትዝ አይላትም።

አቶ ወልደየሱስ አንቀጹ እንዲቀጥል፣ ነገር ግን ብልጫው ተመላሹን በሙያው ለሚያሠራ ወይም ሙያ ለሚያስተምር እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳባቸው በከፊል ተቀባይነት አገኘ፦ በሙያ የሚያሠራ ተጨማሪ ብልጫ ያገኛል፤ ጥበቃ ብቻ የቀጠረም ብልጫው አይቀርበትም። ዛሬም በር ላይ ብቻ የቀሩ አሉ፤ ጥበቃነት የሚስማማቸው እንደ ኤርጫፎ ያሉም አሉ።

በሚቀጥለው የጨረታ ስብሰባ ላይ አንድ ተቋራጭ «ይህ አንቀጽ ሸክም ነው፤ ማሽን ለማያውቅ ሰው ልንሰጥ ነው?» ብሎ ተማረረ። አብዱልመጂድ ብድግ አለ።

«እኔም እንዳንተ እል ነበር» አለው። «ዛሬ ግን ከኦፕሬተሮቼ አንዷ ተመላሽ ወታደር ናት። ልቅጠራት ብትለኝ አልሰጥህም።»

ሻሺቱ ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ተራራው ላይ ሥራ ነበረባት።