ስልኩ ያልጮኸበት ጧት

ሚስቱ ለምን አልተቆጣችውም? ዘበኛው ዛሬም ራሱን ይጠይቃል። ላውንደሪ ቤት ልብስ የምትተኩሰው ሚስቱ ከተኛች መድፍ ቢጮኽ አትሰማም። ሁለቴ አርፍዳ ኃላፊዋ፣ «አንድ ጊዜ ከደገምሽ እዚሁ በር ላይ እንሰነባበታለን» ብሏት ነበር።

«የስልኬን ደወል ለጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሙላልኝ፤ አደራ!» አለችው።

አዲሱን ስልኳን 12:00 ላይ ሞልቶላት ለአዳር ጥበቃው ወጣ። ጧት ሁለት ሰዓት ሲመለስ እንደተኛች አገኛት። እየሮጠች ሄዳ ሽርጧን በፌስታል ይዛ ተመለሰች።

ስልኩ እኩለ ቀን ላይ ጮኸ። በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር እንደሚሠራ ዘበኛው ያኔ ገባው።

«አጥፋው፣ ጎረቤት ትረብሻለህ» አለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጋደም አለች። እሱም ትንፋሿን እያዳመጠ ተቀመጠ። እንቅልፍ የወሰዳት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።