ደቦ ነው ወይስ ወንፈል

ከሞላሌ ብዙም በማይርቀው መንደራችን መብራት የምናገኘው ኮረብታው ላይ ከተተከለው ሶላር ነው። ቀትር ላይ ይተርፋል፤ ሲመሽ ሁሉም ሲያበራ ያጥራል። መብራት ሲጠፋ ለብዙ ዓመታት የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ መጽሐፍ እየተዋስኩ ነው የለመድኩት። ልጄንም ገና በሕፃንነቷ ፒንሳ አስይዤ አስተምሬያታለሁ። ስትሳሳት እቆጣለሁ፤ ስታውቅ ግን ዝም እላለሁ። ምስጋና ልጅ ያበላሻል ብዬ አምን ነበር።

አምና ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ቴስተር እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ የምታጠናው ልጄ ለዕረፍት ስትመጣ ምሳዋን በወጉ ሳትጨርስ ወደ እሱ ግቢ መሮጥ ጀመረች። የመመረቂያ ሥራዋ ያ መኪና ነበር። በዕቅዷ ባትሪው ቀትር ላይ ከሶላሩ የተረፈውን ይይዛል፤ ሲመሽ ለመንደሩ መልሶ ይሰጣል። ሶላሩን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ፈቅደውላታል። ሙከራውን አድርጋ በሳምንት ውስጥ ውጤቱን ይዛ ካልተመለሰች አትመረቅም።

ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሳቋን እሰማለሁ። እኔ ቤት እንደዚያ ስቃ አታውቅም። መኪናውን አልተመኘሁም፤ የቀናሁት "ጎበዝ!" በሚላት አፉ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሙከራውን እንዲፈቅድላት ጎረቤቴን ልትጠይቅ ስትሄድ ተከትያት ገባሁ።

"ጋሼ፣ እንደ ደቦ ይዩት። መኪናዎ ማታ ማታ ለመንደሩ ይሠራል" አለችው።

"ደቦ ከሆነ ጠላው የታለ?" ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። "ቆይ እንጂ! መንደሩ ባትሪዬን ሲመጥ አምሽቶ እኔ ጠዋት ባዶ መኪና ልገፋ ነው? ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

ከተማ የከረመችው ልጄ ቃሉን ተሳስታ ነበር። ደቦ አብልተህና አጠጥተህ የምታሠራው ነው፤ የመጣው ሰው ጉልበቱን ሰጥቶ ይሄዳል። እሷ የምትለው ወንፈል ነው፤ ዛሬ የሠራሁልህን ነገ በልኩ ትመልስልኛለህ። መኪናው የሰጠውን በማግስቱ ቀትር ከሶላሩ መልሶ ያገኛል። ለመንገዱ የሚበቃው ሲቀር ደግሞ በራሱ እንዲያቆም አድርጋዋለች። አንዲት ቃል ባቃናላት ይበቃ ነበር።

"ባትሪው ያንተ ነው፤ ማሰብ ያለብህም አንተ ነህ" አልኩት።

እምቢ አለ።

ልጅ ያስተማረ ሰው ልጁ ዕቃው ትመስለዋለች። እኔ ያቺን ቃል ባለማቃናቴ ልጄን ሰርቄያታለሁ፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ሐሙስ ማታ ደስ ብሎኝ እንደበላሁም አልደብቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"አባባ፣ ሒሳቡን ደጋግሜ አየሁት። የቱ ጋ ባጠፋ ነው ጋሼ እምቢ ያሉት?"

ስንት ዘመን ጠይቃኝ አታውቅም። የተመኘሁት ይኸው መጣ፤ ግን ወረቀቱን ማየት አቃተኝ። ተነሺ አልኳትና ጎረቤቴ ዘንድ ሄድን። ደቦ አለመሆኑን፣ ወንፈል መሆኑን ነገርኩት። ወዲያው ገባው።

"ታዲያ ሐሙስ ምነው ይህን ሳይነግሩኝ ቀሩ?"

"ቀንቼ።"

"በመኪናዬ?"

"መኪናህ ይቅርብኝ። አንተ ልጄን ስታመሰግናት ነው።"

መሬት መሬቱን አየ። ልጄ ግን እኔን አየችኝ።

"ሁለት ቀን አባከኑብኝ፣ አባባ" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ጎረቤቴ ፈቀደላት፤ የቀሩት ቀናት ጥቂት ስለነበሩ ወዲያው ሥራ ጀመረች። ከመኪናው የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፍ እንዲይዝላት ለጎረቤቴ ሰጠችው። እጁ የት እንደሚይዝ አያውቅም፤ እሷ ቀስ ብላ ታሳየዋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ያን ጊዜም ቀናሁ፤ ግን ላርመው አፌን አልከፈትኩም፣ ከዚያም አልሄድኩም።