እንዳይበስል የተጠበቀው የሙዝ ዳቦ

ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ ሲሸተኝ አሁንም ጆሮዬ ይቆማል። ሌላውን ሰው ጣፋጭ ነገር ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነው። ልጅ እያለሁ፣ እማዬና አባዬ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር በከፈቷት የቁርስ ቤት ጓሮ፣ ያንን ሽታ እየማግሁ የሰው ኮቴ ሳዳምጥ የዋልኩበት አንድ ቀን አለ። ከዚያ በኋላም ከባድ ቀን አይቻለሁ፣ እንደ እኔ ጁባ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። እንደዚያን ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም።

የቤታችን ኑሮ በሙዝ ላይ የቆመ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ለሚመለሱ ልጆች እማዬ ሙዝ በዘይት ጠብሳ በወረቀት ጠቅልላ ትሸጣለች። ሲያምረኝ ፈርጠም ያለውን እየመረጠች ለእኔም ትሰጠኛለች። በጾም ወራት ደግሞ የሙዝ ዳቦ አለ። እንቁላልና ወተት በማይነካበት ጊዜ ዱቄቱን የሚያያይዘው ሙዙ ነው። እማዬ ሌላው ሰው የሚጥለውን፣ የጠቆረውንና የላላውን መርጣ በሹካ ትደፈጥጠዋለች፤ ቀረፋና ጥቁር አዝሙድ ትጨምርበታለች፤ ከዚያ የሙዝ ቅጠል ባነጠፈችበት ድስት ውስጥ ገልብጣ ካኑኑ ላይ ትጥደዋለች። የከሰል ምድጃን እዚህ ሁላችንም ካኑን ነው የምንለው። ክዳኑም ላይ ፍም ትደረድርበታለች። ሾፌሩም የሆቴል ሠራተኛውም ሽታውን ተከትሎ ይመጣል።

በዳቦ ነገር እማዬ ቀልድ አታውቅም። ፍሙ አንዴ ከተደረደረ ክዳኑን መንካት ቀርቶ አጠገቡ መሮጥ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ከፍቼ ሳሸት ደርሳብኝ ጆሮዬ እስኪግል ቆንጥጣኛለች።

አባዬ ሲነጋጋ ወንዙን ተሻግሮ ጉምቦ ይሄዳል፤ ከኡጋንዳ የሚመጡት የሙዝ መኪኖች የሚያራግፉት እዚያ ነው። እሱ ከበር ሲወጣ ድስቱ ይጣዳል፤ ዳቦው ሳይወጣ ደግሞ ይመለሳል። የቦዳቦዳው፣ የሞተር ብስክሌቱ፣ ድምፅ በር ላይ ይቆማል፣ ሙዙ ይወርዳል፣ አባዬ የዳቦውን ዳር ቆርሶ አፉን እያቃጠለው ይበላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። ሰዓት ማንበብ ሳልችል የእኔ ሰዓት ይኸው ነበር።

የዚያን ቀን ድስቱ እንደተጣደ ከወንዙ በኩል የሚንደቀደቅ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ቆርቆሮ የሚያራግፉ መሰለኝ። ቁርስ የሚበሉት ሰዎች ጉርሻቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ፣ ሱቁም ሁሉ መዝጊያውን አወረደ። እማዬ ስልኳን ደጋግማ ብትሞክርም ኔትወርክ አልነበረም። ጎረቤታችን ኛቦል በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። አዲስ አበባ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ከእኛ አይተናነስም።

«እትዬ ፀሐይ፣ ኩብሪው ተዘግቷል» አለች። «ተኩስ አለ ይላሉ። ግን መፊ ሙሽኪላ፣ ይመጣል።»

ኩብሪ የምትለው ድልድዩን ነው፤ መፊ ሙሽኪላ ደግሞ ችግር የለም ማለቷ ነው። የበራችንን መቀርቀሪያ ልትዘጋልን ስትሞክር ግን ሁለት ጊዜ ሳተችው፤ እማዬ ሄዳ ዘጋችው። ኛቦል ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ድልድዩ ሲዘጋ አባዬ ማዶ እንደቀረ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እየደጋገመ የሚመጣው ድምፅ በቂ ነበር። ጨቅላው ወንድሜ ሚኪ እማዬ ጀርባ ላይ ተኝቷል፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ እከተላታለሁ።

ከዚያ ዳቦው መሽተት ጀመረ። አባዬ መምጣት የነበረበት በዚህ ሰዓት ነው። ሽታው እየጨመረ ሄደ። እማዬ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ድስቱ አየች። ቀጥሎ መቆንጠጫውን አነሳችና ክዳኑ ላይ ያለውን ፍም እያነሳች መሬት ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ክዳኑን እንዳልነካ የቆነጠጠችኝ እናቴ ናት ይህን የምታደርገው። ከተኩሱ የበለጠ ያስፈራኝ ያ ነው።

«እማዬ፣ እንዲህ ከሆነ አይበስልም እኮ» አልኳት።

«አባትሽ ሳይመጣ አይወጣም» አለችኝ። ፊቴን አላየችም።

ያኔ ገባኝ። ዳቦው ጥሬ እስከሆነ ድረስ አባዬ አልዘገየም ማለት ነው። እኔም ጎንበስ ብዬ ከስር ያለውን ፍም አመድ አለበስኩት። ሽታው ሲጠፋ ትንሽ እንረጋጋለን፤ ሊጡ እንዳይበላሽ እማዬ አንዲት ፍም ትመልሳለች፤ ሽታው ሲመጣ ደግሞ ሁለታችንም እንደነግጣለን፣ ፍሙም ይነሳል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። አንዳችንም ስሙን አላነሳንም። ስሙን ከጠራሁት የሆነ ነገር የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

አባዬ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፣ በእግሩ፣ በኛቦል አጥር በኩል። ሙዝም ቦዳቦዳም አልነበረውም፤ ሸሚዙ ጭቃ ነክቶታል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ድልድዩ አጠገብ ከብዙ ሰው ጋር መሬት ላይ አስተኝተዋቸው ቆይተው፣ ሲከፈት በእግራችሁ ተሻገሩ እንደተባሉ ዘግይቶ ነው የነገረን። እማዬ አላቀፈችውም። ድስቱን አውርዳ ከፈተችና ቆርሳ ሰጠችው። ዳሩ አሯል፣ መሃሉ ጣት ላይ የሚጣበቅ ሊጥ ነው። አባዬ ምንም ሳይጠይቅ፣ ክዳኑ ላይ የቀሩትንም መሬት ላይ የተከማቹትንም ፍሞች እያየ ሁሉንም በላው። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ዛሬ ቁርስ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ካኑኑ ቀርቶ ደወል ያለው የጋዝ ምድጃ ገብቷል፤ ዳቦው እኩል ይበስላል፣ የእማዬን ያህል ግን አይሸትም። የእማዬ ዓይን ደክሟል፣ አባዬም ወንዝ አይሻገርም። ጉምቦ የሚሄደው ሚኪ ነው። ስልክ አለው፣ በየደቂቃው ልደውልለት እችላለሁ፤ ፍርሃቱን ግን ስልኩ አልቀነሰልኝም። አልነሳ ሲል የባሰ ነው።

ባለፈው ጾም አንድ ጠዋት ሚኪ ዘገየ። ስልኩ ዝግ ነው ይላል። ዳቦው መሽተት ጀመረ። እማዬ አንገቷን ወደ በሩ አቅንታለች፤ እኔም አንዱን ሳህን ደጋግሜ አጥባለሁ። ያኔ በዕድሜው ምድጃ ነክቶ የማያውቀው አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። ወደ ምድጃው ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ መዘውሩን ፈለገና እሳቱን ቀነሰው። ተመልሶም ተቀመጠ።

ሚኪ የሞተሩ ጎማ ፈንድቶበት፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሶበት ኖሮ እየሳቀ ገባ። ዳቦውን ወዲያው አወጣሁለት። አንድ ጉርሻ እንደበላ ፊቱን አኮማተረ።

«መሃሉ ጥሬ ነው እኮ» አለ።

«ዝም ብለህ ብላ» አለው አባዬ።