አራተኛው መስመር

የምሠራው ከመስታወት ጀርባ ነው። ዳላስ አካባቢ ካሉት ካውንቲዎች በአንዱ ፍርድ ቤት፣ የሚመታቸው ወይም የሚያስፈራራቸው ሰው በሕግ እንዲታገድላቸው የሚያመለክቱ ሰዎች የሚመጡት ወደ እኔ መስኮት ነው። ማመልከቻውን ተቀብዬ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ማህተም መትቼ ለዳኛ አሳልፋለሁ። ምክር መስጠት ግን ክልክል ነው። ቅጹ ምን እንደሚጠይቅ መናገር እችላለሁ፤ ምን ብለው እንደሚመልሱ መናገር አልችልም። ሰው ወጥ ሲያማስል እንኳ አጠገቡ ቆሜ ዝም ማለት ለማይሆንልኝ ለእኔ፣ ይህ ቅጣት ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቁጥሯ ተጠርቶ የመጣችውን ልጅ ገና ከሩቅ አወቅኋት። ቸርቻችን ትልቅ ስለሆነ ስሟን አላውቅም፤ ግን ከመዘምራኑ መካከል በግራ በኩል ዳር የምትቆመውን፣ ስትዘምር ዓይኗን የምትጨፍነውን ማን ያጣታል? የሆስፒታል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው። በዚያ ሙቀት አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። እኔን ስታይ ወደ ኋላ አለች።

«እርስዎ እዚህ ነው የሚሠሩት?»

«እዚህ ነው። ከከበደሽ ሌላ ሰው ልጥራልሽ።»

ትንሽ አሰበች። «አይ፣ እርስዎ ይሻሉኛል። ብቻ እባክዎ፣ ቸርች እንዳይሰማ።»

«እዚህ የገባ ነገር እዚህ ይቀራል» አልኳት።

ስለ ባሏ የጻፈችውን አልደግመውም። የሦስት ዓመት ሴት ልጃቸው ሁሉንም ቆማ እንዳየች ማንበቤ ይበቃል።

ቅጹ ላይ፣ ሰውየው እንዳይደርስባቸው የሚፈለጉ ቦታዎች የሚሞሉበት ክፍል አለ፤ አራት መስመር ነው። አፓርትመንቷን ጻፈች፣ ሆስፒታሉን ጻፈች፣ ልጇ የምትውልበትን ዴይኬር ጻፈች። አራተኛው ባዶ ቀረ።

«እዚህ ጋ ባዶ መስመር አለ» አልኳት። ይህን ማለት ይፈቀዳል።

«አይቼዋለሁ።»

«ሌላ አዘውትረሽ የምትሄጂበት ቦታ ካለ ነው የሚጠይቀው።» ይህም ይፈቀዳል። ጣቴን ግን ከመስመሩ ላይ አላነሳሁም።

«ገብቶኛል፣ ቸርቹን ማለትዎ ነው። ግን እንዴት አድርጌ? ማለቴ… ሰውን ከእግዚአብሔር ቤት አስከልክዬ በየትኛው አፌ ነው የምዘምረው? ደግሞ እዚያ ሰው አለኝ። እዚያ እንኳ ምንም አያደርገኝም። ሶ፣ ይቅር።»

ከሁሉ አስቀድመሽ እሱን ጻፊ ልላት ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። ምላሴን ነከስኩ፣ ማህተሙን መታሁ። ዳኛዋ የዚያኑ ዕለት ፈረመች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ችሎት ቀርበው ትእዛዙ ጸና።

ሰውየው ትእዛዙን አንድም ቀን አልጣሰም። አፓርትመንቷ አልሄደም፣ ሆስፒታሉ ደጃፍ አልታየም። እሁድ እሁድ ግን ቸርች ይመጣል። በፊት በፋሲካና በገና ብቻ ብቅ የሚል ሰው፣ አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመዘምራኑ ፊት ለፊት መቀመጥ ጀመረ። በመጀመሪያው እሁድ ዘመረች፤ ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። በሁለተኛው ከመዘምራኑ ጋር አልነበረችም። ከኋላው በር አጠገብ ልጇን አቅፋ ቆማ አየኋት።

ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ወሬው ደራ። «ፖሊስ ጠርታ አስወጣችው እኮ» ትላለች አንዷ። «አሜሪካ ሴቱን አበላሸው» ይላል ሌላው፣ ዶናቱን እየገመጠ። እኔ ሁሉንም በዓይኔ ያነበብኩት ሻዬን አማሰልኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ያነበብኩትን እንዳልናገር ሕግ ይዞኛል፤ እናንተ ምን ታውቃላችሁ እንዳልላቸው ግን የያዘኝ ሕግ አልነበረም።

በሦስተኛው እሁድ አንድ የቸርቻችን ሽማግሌ ሰውየውን ወደ ፊት ጠሩት። «ጠላት ቤቱን የመታበት ወንድማችን ነው፤ ተነሥተን እጃችንን እንዘርጋለት» አሉ። ሰውየው ተንበርክኮ አለቀሰ። ጉባኤው በሙሉ ተነሣ። ብቀመጥ አጠገቤ ያሉት ይቺ ምን ብታውቅ ነው ይላሉ፣ ምስጢሯም ይወጣል፤ ስለዚህ ለእሷው ብዬ ነው የተነሣሁት። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው። እውነቱ ግን ከሰው መለየት ፈርቼ ነበር፤ እስካሁንም ያሳፍረኛል። እጄን ዘረጋሁ። «የባለቤቱን ልብ ጌታ ይመልስልን» ሲሉ፣ አሜን አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ወር ያህል ቆይታ መስኮቴ ላይ መጣች። ልጅቷ እጇን ይዛለች። ደስ አለኝ፤ አራተኛውን መስመር ልታስሞላ የመጣች መሰለኝና ትእዛዝ የሚሻሻልበትን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣሁ።

«አይ፣ እሱ አይደለም» አለች። «ከዚህ ሙቭ ላደርግ ነው። አዲሱን አድራሻ ፍርድ ቤቱ ብቻ እንዲያውቀው የሚሞላ ፎርም አለ ብለውኝ ነው።»

ሰጠኋት። ቆማ መሙላት ጀመረች። ዝም ማለት አቃተኝና «ቸርችስ?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም። «ለእሱ የተጸለየ ዕለት መጥቼ ነበር። ከኋላ ቆሜ ነበር። እርስዎም እጅዎን ሲዘረጉ አየሁ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ እመርጥ ነበር። ሥራዬን፣ ደንቡን፣ ምስጢሩን ልነግራት አሰብኩና ሁሉም አፌ ላይ ረከሰብኝ። «ይቅር በይኝ» ብቻ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ትበል እንቢ አላወቅሁም።

ፎርሙን ጨረሰች። በመስታወቱ ሥር ልቀበላት እጄን ሰደድኩ። አልሰጠችኝም፤ ገልብጣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ እሷው አፍራ። «ያኔ ሌላ ሰው ልጥራልሽ ብለውኝ አልነበር? አሁን ይጥሩልኝ። አድራሻዬን እርስዎ ባያዩት ይሻለኛል።»

ከወንበሬ ተነሥቼ ባልደረባዬን ጠራሁላት፤ ማህተሙ እስኪመታ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ።