ሳሎናችን ውስጥ የተለቀሰለት አሳሽ

ሰውዬውን መጀመሪያ አልወደድኩትም። የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ገና ጭቃና ድንኳን በነበረችበት ዘመን ግመልና ፈረስ ጭኖ፣ ሰዎች አስከትሎ፣ ካርታው ላይ ምንም ወዳልተጻፈበት በረሃ የሄደ አሳሽ ነው። ሊያገኘው ያሰበው ተራራ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ውሃው አሳሰበውና ተመለሰ። በቃ፣ ተመለሰ! ጋዜጦቹ ፈሪ ብለው ቀለዱበት፤ ዝናውንም ከሱ በኋላ የሄደ ሌላ ሰው ወሰደው።

እኔ ደግሞ ስለሱ ማውራት ነበረብኝ። ታሪክ ተምሬ ከተመረቅኩ ወዲህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ነው የከረምኩት፣ እሱም ሺፍት ሲገኝ። አንድ ትንሽ ሙዚየም አስጎብኚ ሊቀጥር ፈልጎ ኢንተርቪው ጠራኝ። ፈተናው ስለዚህ ሰው ያለ ወረቀት መናገር ነው። ካለፍኩ ከካርቶን እገላገላለሁ። ከወደቅኩ እናቴ "ነርሲንግ ተማሪ ብዬሽ አልነበር?" ማለቷን አታቆምም።

በዋዜማው ፖይንት ኩክ ሰፈር ባለው ቤታችን ልለማመድ ብዬ የሳሎኑን ሶፋዎች ወደ ግድግዳ ገፋሁ። የሰውዬውን ፎቶ በትልቁ ፕሪንት አድርጌ ከቴሌቪዥኑ ፊት አቆምኩ። የኢንተርቪው ጥቁር ልብሴን ለበስኩ። እናቴን፣ አባቴንና አክስቴን ዙሪያውን አስቀምጬ "ትንፍሽ እንዳትሉ!" አልኳቸው።

ጀመርኩ። ወዲያው የእናቴ ጓደኛ እትዬ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከዳንደኖንግ ድረስ ሊጠይቁን መጥተው በሩን ከፍተው ገቡ። ፎቶውን አዩ፣ ጥቁር ልብሴን አዩ፣ ጸጥ ብለው የተቀመጡትን ሰዎች አዩ።

"ወይኔ! ወይኔ! ምነው ሳትነግሩኝ!" ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

አክስቴ ሳቋ አመለጣት።

"በሰው ሞት ትስቂያለሽ?" ብለው አፈጠጡባት።

"እትዬ፣ ዘመዳችን አይደለም! ፈረንጅ ነው! ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል!" አልኳቸው።

"ታዲያ ለምን አስለቀሳችሁኝ?" እንባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ። "በይ ንገሪኝ። አንዴ አልቅሼለታለሁ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ልወቅ።"

ስለ ካርታው፣ ስለ ተራራው መዘርዘር ስጀምር አቋረጡኝ።

"እሱን ተይው። የተከተሉት ሰዎች ምን ሆኑ?"

"ተመለሱ።"

"ስንቱ?"

"ሁሉም።"

"የታመመ አልነበረም?"

"ነበር። የራሱን ግመል ለታመመው ሰጥቶ በእግሩ ሄደ። ውሃ ያለበትን ያሳዩት የአገሩ ነባር ባለቤቶች ናቸው። ከዚህ ወዲያ ውሃ የለም ሲሉት አመናቸው።"

እትዬ ያዘቀዘቁትን ነጠላ አስተካከሉ። በወጣትነታቸው በእግር ሱዳን ገብተው እዚህ እንደደረሱ ሁላችንም እናውቃለን። የቀረውን ግን ነግረውኝ አያውቁም።

"እኛን የመራን ሰው እንመለስ ብንለው እምቢ አለ። ትንሽ ነው የቀረን፣ ትንሽ ነው የቀረን እያለ። እህቴ እዚያው በረሃ ቀረች።" ከዚያ ወደ ፎቶው ዞሩ። "ይሄ ግን ወንድ ነው። እንባዬም አልባከነም።"

ፎቶውን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ባቡር ትንሽ ሲዘገይ የምቃጠል ሰው ነኝ፤ እሱ ቦታ ብሆን ሁሉንም ይዤ ገደል እገባ ነበር። ከተማው ሙሉ እንደሚስቅበት እያወቀ ሰዎቹን ይዞ መመለስ ግን ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል?

በማግስቱ ኢንተርቪው ላይ የተዘጋጀሁበትን መግቢያ ተውኩት። "ይሄ ሰው የወሰዳቸውን ሁሉ መልሷል" ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ስለ ግመሉ፣ ስለ ውሃው ነገርኳቸው። አንዷ ጠያቂ "ሌሎቹ ተፈታኞች በሙሉ ለምን እንዳልደረሰ ነው የነገሩን" አለች።

"እኔም ትናንት እንደዛ ነበር የማስበው" አልኳት።

ማታ እትዬ ደወሉ።

"ሰውዬሽ ምን አደረገልሽ?"

"ቅዳሜ ሥራ እጀምራለሁ!"

"እሰይ! እሰይ! ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።"

"ይምጡ። ግን እትዬ፣ እንዳያለቅሱ።"

"እሱን እንኳ ቃል አልገባልሽም" አሉ።