በጋቢ የተጠቀለለው ስልክ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ገበያ ብርቱካን እየመረጥኩ ሳለ ስልኬ ነዘረኝ። መነጽሬን አድርጌ ባየው አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ፎቶ፣ ከሥሩ የሻማ ምልክት ተደርድሮበት ብቅ አለ። ሻጯ «እናቴ፣ ልመዝንልዎት?» ስትለኝ የያዝኩትን ብርቱካን መልሼ አስቀመጥኩት። ይኸው ስልክ ድሬዳዋ ያለችውን የልጅ ልጄን ገና ፊቷን ሳትታጠብ ስለሚያሳየኝ ልረግመው አልችልም። በልጅነቴ ግን የሞት ወሬ እንዲህ ገበያ መሀል ሰው ላይ አይወድቅም ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው ሰፈራችን ስልክ የነበራቸው እትዬ አስናቀች ብቻ ነበሩ። ጥቁሩ ስልክ ራሳቸው የሠሩትን ዳንቴል ለብሶ ሳሎናቸው ጥግ ላይ እንደ ክቡር እንግዳ ይቀመጣል። ሲጮህ እትዬ አጥሩ ጋ ቆመው የተፈለገውን ሰው ይጣራሉ፤ የተጠራውም ሊጥ በእጁ እንዳለ፣ ወይም ፊቱ ሳሙና እንደሆነ እየሮጠ ይመጣል። መስመሩ ጥራት ስላልነበረው ሁሉም የሚያወራው እየጮኸ ነውና ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደታጨች ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት ጸጉሯን አበጥራ ትጠብቃለች። ኩየራ የሚያስተምረው ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ታምሩ የሚደውለው ያን ቀን ነው። ወላጆቻቸው በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጋት እሱ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ በተወለደ ሰሞን ስልኩ ጮኸ፤ እትዬ ግን አልተጣሩም። በጓሮ በር ገብተው አባቴን በክንዱ ይዘው አወጡት። ጋሼ ታምሩ በድንገተኛ ሕመም አርፎ ነበር። እናቴ ደግሞ አራስ ናት፤ ወሊዱ ጎድቷት ከአልጋ መውረድ እንኳ አቅቷታል። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ገመዳና እትዬ ከአባቴ ጋር ተመካክረው መርዶው ልጁ ክርስትና እስኪነሳ እንዲቆይ ወሰኑ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። አባቴ ለሥራ ወደ ሻሸመኔ ተላክሁ ብሎ ሄዶ ቀበረው። አብረውት የሄዱት ጎረቤቶች ጥቁር ልብሳቸውን እትዬ ቤት እየቀየሩ እናቴን ሊጠይቁ ገቡ። ዓይናቸው ለምን እንደቀላ ስጠይቅ አቧራ ነው አሉኝ፤ ናዝሬት ደግሞ አቧራ ሞልቷታልና አመንኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። እናቴ «ታምሩ አልደወለም?» አለች።

እትዬ አጥሚቱን እያቀበሏት «መስመሩ ተበላሽቷል፣ ልጄ። ቴሌዎች መጥተው ያዩታል» አሏት።

ውሸታቸው እንዳይጋለጥ ስልኩን በጋቢ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ ሲጮህ ቅርጫት የተደፋበት ጫጩት ይመስል ነበር። የሰፈሩ ሰውም ዘመዱን ሁሉ ወደዚህ አትደውሉ እያለ፣ በዚያ ሙቀት እስከ ቴሌ በእግሩ ሄዶ ወረፋ ይጠብቅ ጀመር። ምስጢር ሆዳቸው አድሮ የማያውቀው እማማ በላይነሽ እንኳ እናቴን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ ወሬው እንዳያመልጣቸው አፋቸውን ቆሎ ሞልተው ነበር የሚገቡት።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ኦቦ ገመዳ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እናቴ በሩን ከፍታ አየቻቸውና፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ «ታምሩ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጥተው ደግፈው ያዟት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ግን እትዬን ፊት ነሳቻቸው። «አፈር እንዳላለብሰው ከለከሉኝ» ብላ አዘነችባቸው። እትዬ አልተከራከሩም፤ በየቀኑ ምሳ ይዘው ይመጣሉ፣ ሕፃኑን አጥበው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሕፃኑ በእጃቸው ላይ ከት ብሎ ሲስቅ እናቴም ሳታስበው ሳቀች። «እትዬ፣ ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ» አለቻቸው።

ዛሬ በዚያ ሰፈር ፎቅ ቆሞበታል። ወሬ ሁሉ ኪሴ ድረስ ይመጣልኛል፤ ከግድግዳዬ ወዲያ የሚኖረውን ሰው ስም ግን አላውቀውም። እናቴን ከሸመገለች በኋላ፣ ያኔ ወዲያው ብትሰሚ አይሻልሽም ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ብቀብረው ይሻለኝ ነበር። እሱስ እስካሁን ይቆጨኛል» አለች። «ግን ልጄ፣ ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ አፉን ያዘ እኮ!»